አሮጌው ዲስክ ላይ የቀረው ፊደል፦ ወደ አዲስ ስርዓተ ክወናና ወደ ኤስ ኤስ ዲ ስንሻገር

(በአምቦ ለመምህራን፣ ለአስተዳደር ሠራተኞችና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



ከጥቅምት ወር ወዲህ በግቢው መንገድ ላይ ሳልፍ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ሆኗል። «ዶክተር፣ ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 11ን አልቀበልም አለኝ፤ ልሽጠው ወይስ ልጣለው?» ይሉኛል። መልሴ «አይሸጥም፣ አይጣልም» ነው። ምክንያቱን በመጀመሪያ በአጭሩ እገልጻለሁ፤ ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ይህ ክፍል አዲስ ላይሆን ይችላል፣ ይታገሡኝ። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር እናገራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔው ራሴ አንድን መሥሪያ ቤት ወደ አዲስ ስርዓተ ክወና ሳሻግር ምን እንዳጠፋሁ እነግራችኋለሁ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት በዋናነት ለዚህ ነው።

በቀኑ ልጀምር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጥ የነበረውን የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከዚያ በፊት የዊንዶውስ ኤክስፒ መጋቢት 30 ቀን 2006፣ የዊንዶውስ 7 ደግሞ ጥር 5 ቀን 2012 እንዲሁ ተቋርጦ ነበር። «ተቋረጠ» ማለት ማሽኑ በማግሥቱ አይነሣም ማለት አይደለም። በሩ እንዳለ ይቆማል፤ ቁልፉ ሲሰበር የሚጠግነው ባለሙያ ግን የለም። አዲስ የተገኘ የደኅንነት ቀዳዳ ሳይደፈን ይኖራል። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ፍላሽ በሚቀባበሉ ከተሞች ውስጥ ለምንኖር ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለትምህርት ተቋማት ግን ብዙዎች ያልሰሙት መውጫ አለ። ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ተቋም ማሻሻያውን ለሦስት ተጨማሪ ዓመታት ማግኘት ይችላል፤ ክፍያውም ለአንድ ኮምፒውተር በመጀመሪያው ዓመት 1 ዶላር፣ በሁለተኛው 2 ዶላር፣ በሦስተኛው 4 ዶላር ነው። «ሕጋዊ ፈቃድ ያለው» የሚለውን ሐረግ ያነበብኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። (ሳቅ) ሳቃችሁ የሚለኝ ገብቶኛል። ፈቃድ የሌለውን ዊንዶውስ «አክቲቬት» የሚያደርጉት ትንንሽ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁት የቫይረስ መከላከያውን እንድናጠፋላቸው መሆኑን ብቻ አስታውሼ ልለፍ።

ዊንዶውስ 11 የሚፈልጋቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፤ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ቲ ፒ ኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል፣ ዩ ኢ ኤፍ አይ የተባለው አዲሱ የአነሣሥ ዘዴ፣ ከኢንቴል ወገን ከሆነ ደግሞ በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር። ኢንቴል 8ኛውን ትውልድ ማውጣት የጀመረው በፈረንጆቹ 2017 ነው። እንግዲህ አብዛኞቻችሁ ከታላቅ ወንድም ወይም ከመርካቶ ያገኛችሁት «ኮር አይ ፋይቭ» ላፕቶፕ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ተመልከቱና ፍረዱ። መስፈርቱን በዘዴ አልፈው የሚጭኑ አሉ፤ ይቻላል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ የተጫነ ማሽን ማሻሻያ ማግኘቱን ዋስትና አይሰጥም። የሰውን ደመወዝና የተማሪን ውጤት የሚይዝ ማሽን ላይ እኔ አላደርገውም። መስፈርቱን ለማያሟላ ማሽን የምመክረው ሊኑክስን ነው። የኡቡንቱ 24.04 እትም እስከ ፈረንጆቹ 2029 መደበኛ ድጋፍ አለው፤ አማርኛም በዩኒኮድ ያለችግር ይጻፍበታል።

አሁን ወደ ዲስኩ። ኮምፒውተራችን ቀርፋፋ የሚሆንብን ከፕሮሰሰሩ ይልቅ ብዙ ጊዜ በሃርድ ዲስኩ ምክንያት ነው። ሃርድ ዲስክ ማለት የሸክላ ማጫወቻ ማለት ነው፤ በዕድሜ የእኔ እኩዮች የሆናችሁ ታስታውሳላችሁ። ሸክላው ይዞራል፣ መርፌው ዘፈኑ ወዳለበት ክበብ ይሻገራል። አንድን ዘፈን ከዳር እስከ ዳር መስማት ቀላል ነው። ከአሥር ሺህ የተለያየ ቦታ አንዳንድ ቃል እየለቀምክ አሰማ ቢባል ግን መርፌው ያዳርሰው ዘንድ ስንት ጊዜ ይመላለሳል? ዊንዶውስ ሲነሣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

እናስላው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። አንድ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ የሚፈለገው ቦታ ከመርፌው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዙሩን ግማሽ እንጠብቃለን። መርፌው ከክበብ ወደ ክበብ የሚሻገርበት ጊዜ ሲታከልበት ለአንድ ትንሽ ንባብ 15 ሚሊሰከንድ ያህል ይሆናል። ለምሳሌ ያህል 10,000 ትንንሽ ንባብ ብንወስድ 150 ሰከንድ፣ ማለትም ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። ኤስ ኤስ ዲ ላይ መርፌም የሚዞር ሸክላም የለም። መረጃው የተያዘው በሲሊከን ላይ በተቀረጹ ጥቃቅን ጎጆዎች ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ሙላት ነው፤ አንዱ ንባብ ከ0.1 ሚሊሰከንድ እምብዛም አያልፍም። ያው 10,000 ንባብ በአንድ ሰከንድ አካባቢ ያልቃል። ልዩነቱ ይህን ያህል ስለሆነ ነው አሥር ዓመት የሞላው ላፕቶፕ ኤስ ኤስ ዲ ሲገባለት ባለቤቱ «ሌላ ማሽን ሰጣችሁኝ» የሚለው። በዚያ ላይ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው በሚኒባስ ሲንገላታ ከጉደር አምቦ መምጣት አይጎዳውም። ባለሁለት ነጥብ አምስት ኢንቹ ኤስ ኤስ ዲ በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ቦታ ልክ ይገባል፤ ሥራው የጥቂት ብሎኖች ጉዳይ ነው።

ስለዚህ «አይጣልም» ያልኩት ለዚህ ነው። ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ዲስኩ ኤስ ኤስ ዲ የሆነ አሮጌ ማሽን ለመመረቂያ ጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ።

በ2009 ዓ.ም. በማውቀው አንድ የትምህርት ክፍል ጽሕፈት ቤት ውስጥ ዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሠራ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ጸሐፊዋ ለብዙ ዓመታት ቃለ ጉባኤውን፣ የተማሪውን ስም ዝርዝር፣ ደብዳቤውን ሁሉ የጻፈችው በዚያ ላይ ነው። በዚያው ማሽን ላይ ደግሞ የአንድ አንጋፋ መምህር ሥራ ነበር። እኚህ ሰው ቅዳሜና እሑድ የገበያ ቀን እየጠበቁ በጊንጪ፣ በጉደርና በጌዶ ሽማግሌዎችን ያነጋግሩ ነበር። ስለ መሬት፣ ስለ ጥል ዕርቅ፣ ስለ እህል መስፈሪያ የሰሙትን በእጅ ጽፈው ያመጣሉ፤ ጸሐፊዋ ትተይብላቸዋለች። የጻፉት በአማርኛ ነው። የሰሙትን የኦሮምኛ ቃል ግን አይተረጉሙትም ነበር። ጃርሱማ፣ ዳዶ፣ ጎምቢሳ የመሳሰለውን ቃል በአማርኛው ዓረፍተ ነገር መካከል በቁቤ፣ ማለት በላቲን ፊደል ያስገቡታል። «ቃሉ በተነገረበት ድምፅ ይቀመጥ» ይሉ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ።

ማሽኖቹን ወደ ኤስ ኤስ ዲና ወደ ዊንዶውስ 10 የማሻገሩን ሥራ የምመራው እኔ ነበርኩ። ሁሉንም በሥርዓት አደረግን ብዬ አምን ነበር። የሰነድ ፋይሎቹ በሙሉ ወደ ፍላሽ ተገለበጡ፤ ቁጥራቸው ተመሳከረ። ባለሙያው ልጅ አዲሱን ዲስክ ከመግጠሙ በፊት ጸሐፊዋ መጣችና «ዶክተር፣ ፊደሉ እኮ የሚኖረው እዚያው ማሽን ውስጥ ነው። እዚያ ካልሆነ አይነበብም» አለችኝ። እኔ ሣቅሁ። «ፊደሉ ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው፤ አይዞሽ» አልኳት። ሃርድ ዲስኩም ከተቀሩት ጋር ወጥቶ ፎርማት ተደርጎ ለተማሪዎች መለማመጃ ክፍል ተሰጠ።

ትክክል የነበረችው እሷ ናት።

ፋይሎቹ በአዲሱ ማሽን ላይ ሲከፈቱ የታየው የላቲን ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና የፓውንድ ምልክት የተቀላቀለበት ዝብርቅርቅ ነበር። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ልግለጽ፤ በየቀበሌው፣ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ተመሳሳይ ፋይል ያላቸው ሰዎች ዛሬም ብዙ ስለሆኑ።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። በቀድሞው አሠራር አንድ ፊደል የሚያዘው አንድ ባይት ነበር፤ አንድ ባይት የሚሸከመው ደግሞ 256 የተለያየ ቁጥር ብቻ ነው። ግማሹን እንግሊዝኛው አስቀድሞ ይዞታል። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ ሃያው የግዕዝ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥቡ ገና አልተቆጠሩም። አይበቃም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአማርኛ መጻፊያ የሠሩ ወገኖቻችን ይህን ችግር የፈቱበት ብልሃት የሚደነቅ ነው። የላቲኑን ቁጥር ሳይነኩ፣ የላቲኑን መልክ ብቻ ለወጡ። በቁጥሩ «ኤ» የሆነው በፎንቱ መልክ ለምሳሌ «ሀ» ሆኖ ይታያል። አንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን ለሁለት ፎንት አካፈለው። አንዳንዱ የፊደሉን ግንድ በአንድ ቁጥር፣ እግሩን ወይም ቀለበቱን በሌላ ቁጥር አድርጎ ሁለቱን አጣበቀ። ያ ብልሃት ባይኖር ኖሮ ለሃያ ዓመታት ያህል በአማርኛ በኮምፒውተር መጻፍ አይቻልም ነበር። መዘዙ ግን እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን የቁጥር አሰላለፍ መከተሉ ነው። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የለም። ጸሐፊዋ ያለችው ይህንን ነበር፤ በቃላት ብቻ እንጂ በሐሳቡ ከእኔ ቀድማ ነበር።

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የራሱ ቋሚ ቁጥር ያገኘው በፈረንጆቹ 1999 በወጣው በሦስተኛው እትም ነው። ዊንዶውስም ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንትና የአማርኛ ሰሌዳ አብሮ ይዞ የመጣው በ2007 ለሕዝብ በቀረበው ቪስታ ነው። ኤክስፒ ላይ ይህ አልነበረም። በዚያ ጊዜ ደግሞ የጸሐፊዎቻችን ጣት አንዱን አሠራር ለምዶ ነበር፤ የለመደ ጣት በደረጃ ማውጣት ብቻ አይለወጥም። መሥሪያ ቤቶቻችን ዩኒኮድ ከመጣ ከአሥር ዓመት በኋላም በአሮጌው ፎንት መጻፋቸውን ቀጥለው ነበር።

እዚህ ላይ ለምዕራብ ሸዋ የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የዚህ አካባቢ መሥሪያ ቤቶች በአፋን ኦሮሞ የጻፉት በቁቤ ነው። ቁቤ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ሃያ ስድስት ፊደላትና ከአንዲት ሁደሃ ምልክት በቀር ሌላ አይፈልግም። ስለዚህ በ1990 በቁቤ የተጻፈ ፋይል ዛሬ በማንኛውም ማሽን ላይ ይከፈታል። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያችው ጸሐፊ እጅ በአማርኛ የተጻፈው ግን አይነበብም። ይህን የምለው የትኛው ፊደል ይበልጣል ለሚለው ክርክር አይደለም፤ ያን ክርክር ለሚወዱት ትቻለሁ። የአማርኛ ሰነዶቻችን ተሰባሪ መሆናቸውን እንድታዩ ብቻ ነው።

ታሪኩን ልቀጥል፤ ጥፋቴ ገና አላለቀም።

ዝብርቅርቁን ባየሁ ጊዜ ደንግጬ አንድ ፋይል ከፈትኩና ጽሑፉን በሙሉ መርጬ ፎንቱን ወደ ኒያላ ለወጥኩት። አልተነበበም። ሳስቀምጠው አዎ አልኩ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ አደረግሁ። ሦስት ፋይሎች።

ተማሪዎቼ፣ ይህችን ነጥብ ያዙልኝ። ፎንቱ በማሽኑ ላይ ባይኖርም የፎንቱ ስም ግን በሰነዱ ውስጥ ከእያንዳንዱ ቃል ጋር ተመዝግቦ ይኖራል፤ ጠቋሚውን በቃሉ ላይ ብታደርጉ ከላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ይታያችኋል። ይህ ስም የሰነዱ ቁልፍ ነው። «ይህ ቁጥር የአማርኛ ፊደል ነው፣ ያኛው ግን እውነተኛ የላቲን ፊደል ነው» ብሎ የሚለያቸው እሱ ብቻ ነው። ጽሑፉን በሙሉ መርጦ ፎንት መለወጥ፣ ወይም ወደ ተራ ጽሑፍ ፋይል መቀየር ያን ድንበር ያፈርሰዋል። ከዚያ በኋላ ለማሽኑ ሁሉም ላቲን ነው። እኔ ባጠፋኋቸው ሦስት ፋይሎች ውስጥ መምህሩ በጥንቃቄ በቁቤ ያስቀመጧቸው ቃላት ከዝብርቅርቁ ጋር አንድ ሆኑ። ከሁሉ አብልጠው ይሳሱላቸው የነበሩት ቃላት ናቸው።

ለሁለት ዓመት ያህል ማንም አልጠየቀም፤ እኔም ዝም አልኩ። በ2011 ዓ.ም. የመምህሩ ልጅ ባዶ ፍላሽ ይዛ ወደ ቢሮዬ መጣች። «ጋሼ፣ የአባቴን ጽሑፍ እዚህ ላይ ይገልብጡልኝ ብዬ ነው» አለችኝ። ቆይ አልኳት። የምነግራት አጣሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ያን ቀን ነው አሮጌውን ዲስክ ፍለጋ የተነሣሁት።

ዲስኩ በመለማመጃው ክፍል፣ በአንድ ማሽን ውስጥ ተገኘ። ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖበታል፤ ለሁለት ዓመት የተማሪ ሥራና ፊልም ተከምሮበታል። ከማሽኑ አውጥተን፣ ምንም ነገር እንዳይጻፍበት አድርገን፣ መጀመሪያ ሙሉ ቅጂውን ወደ ሌላ ዲስክ ወሰድን። በቅጂው ላይ ፎቶሬክ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም አሠራነው። ይህ ፕሮግራም የፋይል ስም አይፈልግም፤ የዲስኩን እያንዳንዱን ክፍል እየዳበሰ የፋይሎችን መነሻ ምልክት ያድናል። ሌሊቱን ሙሉ ሠራ፤ በመካከሉ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በማግሥቱ ስም የሌላቸው በመቶ የሚቆጠሩ የፎንት ፋይሎች አገኘን። ጸሐፊዋን ጠራናት። አንድ በአንድ እየከፈትን ስናሳያት ቆየንና «ይኸው!» አለች። ፎንቱ ተገኘ።

ይህ ለምን ሊሆን ቻለ? በሃርድ ዲስክ ላይ ፈጣኑ ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን እንጂ መረጃውን አይደለም፤ ሌላ ነገር በላዩ እስኪጻፍበት ድረስ መግነጢሱ እንደነበረ ይቆያል። እንደ ዕድል ሆኖ በዚያች ቁራጭ ቦታ ላይ ማንም ፊልም አላስቀመጠም። ዲስኩ ኤስ ኤስ ዲ ቢሆን ኖሮ ግን አናገኘውም ነበር። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ያሉ ስርዓቶች አንድ ፋይል ሲሰረዝ ወይም ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ትሪም የተባለ ትእዛዝ ለኤስ ኤስ ዲው ይልካሉ፤ «ይህ ቦታ አያስፈልግም» ይሉታል። ኤስ ኤስ ዲው ለሚቀጥለው ጽሑፍ እንዲመቸው ቦታውን በራሱ ጊዜ ያጸዳል። ፍጥነቱን ጠብቆ የሚያቆየው ይህ ነው፤ የተሳሳተን ሰው የማይምረውም ይኸው ነው። «የጠፋ ፋይል እናወጣለን» የሚሉት ሱቆች ለሃርድ ዲስክ የሚያደርጉትን ለኤስ ኤስ ዲ አብዛኛውን ጊዜ ሊያደርጉ አይችሉም።

ሁለቱ ዲስኮች ሲሞቱም አይመሳሰሉም። ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ያቃስታል፣ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ይዘገያል፤ ቀን ይሰጣል። ኤስ ኤስ ዲ ማታ ደኅና ውሎ ጠዋት ላይታይ ይችላል። ደግሞም መረጃው የታሰረ የኤሌክትሪክ ሙላት ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ኃይል ሳያገኝ ከተቀመጠ ቀስ በቀስ ሊያመልጥ ይችላል። የኢንዱስትሪው መለኪያ የተመደበለትን የመጻፍ ዕድሜ ከጨረሰ የተራ ተጠቃሚ ኤስ ኤስ ዲ የሚጠይቀው በ30 ዲግሪ ሙቀት፣ ያለ ኃይል፣ አንድ ዓመት እንዲቆይ ብቻ ነው። አዲሱ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ቢሆንም የመሥሪያ ቤቱን ማኅደር በኤስ ኤስ ዲ ላይ አድርጎ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ልክ አይደለም። ለዕለት ሥራ ኤስ ኤስ ዲ፣ ለማኅደር ሃርድ ዲስክና ሌላ ሕንፃ ውስጥ የተቀመጠ ሁለተኛ ቅጂ። የምናስጥለው የመሰለን አሮጌ ዲስክ በውጭ መያዣ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ጡረታውን በማኅደርነት ቢያሳልፍ መልካም ነው።

ፎንቱ ከተገኘ በኋላ ሥራው ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ሆነ፤ ይህ ቁጥር ከዚህ የዩኒኮድ ፊደል ጋር ይተካከላል የሚል። የፕሮግራም ተማሪዎች እንዲህ ያለ መለወጫ ስትጽፉ በሁለት ቁጥር የሚጻፉትን ፊደላት አስቀድሙ፤ በአንድ ቁጥር የሚጻፉትን ካስቀደማችሁ ግንዱ ተለውጦ እግሩ ብቻውን ይቀራል። እኛ ይህንን የተማርነው ሁለተኛው ገጽ ላይ «ቡ» ሁሉ «በ» ሆኖ እግሩ ከጎኑ ተንጠልጥሎ ካየን በኋላ ነው። ከ41 ፋይሎች 38ቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ መለስናቸው። የመምህሩ ልጅ ፍላሿን ይዛ ሄደች። ስለ ሦስቱ የነገርኳት እኔ ነኝ።

ዩኒኮድ ሆኖም ነገሩ በአንድ ጊዜ አይፈታም። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ኒያላ ከስርዓቱ ጋር አብሮ አይጫንም፤ ከአማራጭ ክፍሎች ውስጥ ለብቻው የሚጨመር ሆኗል። በኒያላ የተሰናዳ የመመረቂያ ጽሑፍ አዲስ ማሽን ላይ ሲከፈት ኢብሪማ በተባለው ፎንት ሊታይ ይችላል። ይነበባል፤ ግን የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ ገጹ ይንሸራተታል። ማውጫው ላይ ገጽ 47 የተባለው ምዕራፍ 50 ላይ ይገኛል። በመከላከያው ቀን ጠዋት ይህ የደረሰባቸውን ተማሪዎች አውቃለሁ። ፎንቱን በሰነዱ ውስጥ አካቱት፣ የመጨረሻውን ቅጂ በፒ ዲ ኤፍ አስቀምጡት።

ስለ ዊንዶውስ 11 የማስጠነቅቃችሁ አንድ ነገር ቀርቷል። ከ2024ቱ እትም ወዲህ ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት እንደ አዲስ ሲጫን በብዙ ማሽኖች ላይ ዲስኩን ሳይጠይቅ ይመሰጥረዋል። ማሽኑ ቢበላሽ ዲስኩን የሚከፍተው ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ሲሆን የሚቀመጠውም በዚያ አካውንት ውስጥ ነው። አሁን ራሳችሁን ጠይቁ፤ ማሽናችሁን ያስጫናችሁት ሱቅ ውስጥ ከሆነ የገባው አካውንት የማን ነው? የሱቁ ልጅ በራሱ ኢሜይል ገብቶ ከሆነ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ቁልፍ በእሱ ኪስ ነው ያለው። ዛሬ ማታ ተመልከቱት። አካውንቱን በራሳችሁ ለውጡ፣ ቁልፉን በወረቀት ጻፉት።

ከዚህ ቀደም ያልኩትን በተግባር ቋንቋ ልድገመው፤ ከማሻገሩ በፊት የሚገለበጠው ሰነዱ ብቻ አይደለም። የዊንዶውሱ የፎንት ማኅደር በሙሉ፣ የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራምና መጫኛው ካለ እሱም አብሮ ይገልበጥ። ከሁሉ የተሻለው የአሮጌውን ዲስክ ሙሉ ቅጂ በአንድ ፋይል መውሰድ ነው፤ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አሮጌው ኤክስፒ እንደነበረ ተነሥቶ ሰነዱን ከነፊደሉ ያሳያችኋል። በአዲሱ ማሽን ላይ ደግሞ ፋይሎቹን የሚከፍታቸው ባለሙያው ሳይሆን የጻፋቸው ሰው ይሁን። «ሁሉም ይነበባል» ብሎ ጽሑፉን የሚያውቀው ሰው እስኪመሰክር ድረስ አሮጌው ዲስክ ፎርማት አይደረግም። ጸሐፊዋ ያን ቀን የጠየቀችኝ ከዚህ የበለጠ አልነበረም።

ሦስቱን ፋይሎች በሚመለከት ይህን ልበልና ልጨርስ። ማሽን ሊለያቸው አይችልም፤ ሰው ግን ይችላል። ኦሮምኛ የሚያውቅ ዓይን በዝብርቅርቁ መካከል «ጎምቢሳ»ን ወይም «ዳዶ»ን ሲያይ ይለየዋል፤ እውነተኛ ቃል ነውና። ባለፈው ሴሚስተር ሁለት ተማሪዎች ከጸሐፊያችን ጋር ተቀምጠው የመጀመሪያውን ፋይል መስመር በመስመር አነበቡ። ቁቤ የሆነውን በቀለም እያሰመሩ ለዩት፤ የቀረውን በሠንጠረዡ ለወጥነው። አሥራ አንድ ገጽ ወጣ። ጸሐፊያችን ጡረታ ወጥታለች፤ ግን ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች። ሁለት ፋይሎች ይቀሩናል። ቁቤ በደንብ የሚያነብና ከሰዓት በኋላ ጊዜ ያለው ተማሪ ካለ ከንግግሩ በኋላ እዚህ ከፊት ያግኘኝ። አሮጌ ዲስክ ያለው ሰውም ይዞ ይምጣ፤ ፎርማት ሳያደርገው።